ሌሊት የማይተኛ ያረጀ ውሻ፦ የማስተኛ ኪኒን መልሱ አይደለም

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው የምንኖረው። ቦቢ የሚባል የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ውሻ አለን፤ ወንድ ነው፣ አልተኮላሸም፣ 12 ዓመቱ ነው። አምና ሲመዘን 30 ኪሎ ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ማታ ማታ ግቢውን ሲዞር ያድራል። ያለከልካል፣ ምንም በሌለበት ይጮሃል፣ አንዳንዴም ያላዝናል። ቀን ግን ተዘርግቶ ነው የሚውለው። ድሮ ነጎድጓድ ግድ አልነበረውም፣ አሁን ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ቤት ካለሁ ከእግሬ ሥር አይጠፋም። ዓይኑ ደመና ለብሷል፣ ሲነሳ የኋላ እግሩ ይከብደዋል፣ አፉም ይሸታል። ለእግሩ ብዬ አልፎ አልፎ ግማሽ ዳይክሎፌናክ እሰጠዋለሁ። ጎረቤቶች እንቅልፍ አጣን ብለው ተቆጥተዋል። ዘበኛችን የውሻ ማላዘን ለቤት ጥሩ አይደለም ይላል። ወንድሜ ዳያዜፓም ስጪው ይለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ወይ ቡችላ እናምጣለትና ይጽናና፣ ወይ በመርፌ ይረፍ ይላል። ባባብለው ፍርሃቱ ይብስበታል የሚሉኝም አሉ። እርጅና ነው ብዬ ልተወው? የትኛው ይሻላል?»

ምላሽ፦ ዳይክሎፌናኩን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ፤ ዳያዜፓሙንም አይጀምሩት። ሌላውን ሁሉ በየተራ አነሳዋለሁ፣ እነዚህ ሁለቱ ግን እስከ ቀጠሮ የሚቆዩ አይደሉም።

ስለ ዳይክሎፌናክ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ግማሽ ብሰጠው ምን ይሆናል» በሚለው ስሌት ነው። የውሻ ጨጓራና ኩላሊት ይህን መድኃኒት እንደ ሰው አይችሉትም። የጨጓራና የአንጀት ቁስለት፣ መድማት፣ የኩላሊት መጎዳት ያመጣል፤ የ12 ዓመት ውሻ ደግሞ ኩላሊቱ አስቀድሞ ደክሞ ሊሆን ይችላል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ፓራሲታሞል «ቀላል ነው» ስለሚባል ወደ እሱ እንዳይዞሩ፤ መጠኑ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል፣ ደሙም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል። በቅርቡ ዴክሳሜታዞን ተወግቶ ወይም ፕሬድኒሶሎን ወስዶ ከሆነ (ሁለቱም ብግነት የሚያበርዱ ስቴሮይዶች ናቸው)፣ ከዳይክሎፌናክ ጋር ሲገናኙ የቁስለቱ አደጋ ስለሚበረታ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። (ሰው ይህን የሚደብቀው ሐኪሙ እንዳይቆጣ ብሎ ነው። እንቆጣለን፤ ሳናውቅ ሌላ መድኃኒት ከምንደርብበት ግን መቆጣቱ ይሻላል።) ዓይነ ምድሩ ከጠቆረና ከተለጣጠፈ፣ ካስታወከ ወይም ምግብ ከተወ በዚያው ቀን ይታይ። ለውሻ የሚሆን የሕመም ማስታገሻ ለመጀመር ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ክፍተት ስለሚፈልግ፣ የመጨረሻዋን ኪኒን የሰጡበትን ቀን ጽፈው ይያዙ።

ወንድምዎ ያሰቡት ለደግ ነው፤ ዳያዜፓም ግን ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አይደለም። በውሻ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ስለሚያልቅ ሌሊቱን አይዘልቅም። አንዳንዱን ውሻ በማረጋጋት ፈንታ ያቅበጠብጠዋል፤ ነክሶ የማያውቅ ውሻም ሊናከስ ይችላል። የኋላ እግሩ ለደከመ ውሻ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት መስጠት ደግሞ በደረጃ ላይ እንዲወድቅ መጋበዝ ነው። ከሁሉ የከፋው፣ የሚያመውን ውሻ ያፈዘዙት እንደሆነ ሕመሙ እዚያው ነው፤ የጠፋው ምልክቱ ብቻ ነው።

በአገራችን የውሻ ጠባይ ተለወጠ ሲባል መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የቦቢ ነገር ግን ያን አይመስለኝም፤ ይህን የምለው ከጊዜው ተነስቼ ነው። የበሽታው ምልክት የታየበት ውሻ በአብዛኛው በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል፤ እየበላ፣ እየጠጣ፣ እርስዎን እያወቀ ሁለት ወር አይቆይም። ቢሆንም ክትባቱ ዓመት ካለፈው ይታደስለት። ወደፊት በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ መዋጥ ካቃተው፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ የጩኸቱ ድምፅ ከተለወጠ ወይም ያገኘውን መንከስ ከጀመረ፣ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ እንዳያስገቡ። ይዝጉበትና ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይደውሉ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዕለቱ ጤና ተቋም ይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። «እርጅና ነው» የሚለው መልስ እውነት ነው፣ ግን ምንም አይጠቅምም። አንድ የውሻ ዓመት ሰባት የሰው ዓመት ነው የሚባለውም ለሁሉም አይሠራም፤ ትልልቅ ዝርያዎች ቶሎ ያረጃሉ፣ ትንንሾቹ ይቆያሉ። ለጀርመን ክልስ 12 ዓመት ብዙ ዕድሜ ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜ ብቻውን ውሻን ሌሊት አያንጎራድድም። የሚያንጎራድደው ዕድሜ ያመጣው አንድ የተለየ ነገር ነው፦ ሕመም፣ የዓይንና የጆሮ መድከም፣ የውስጥ አካል በሽታ ወይም የአንጎል ማርጀት። ብዙውን ጊዜም ሁለት ሦስቱ ተደራርበው ይገኛሉ። ባለቤቶች «ጭንቀት» የሚሉት የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው፤ በእኔ እምነት ቅድሚያ መፈተሽ ያለበት ሕመም ነው። አንደኛ በጣም የተለመደ ነው፣ ሁለተኛ ሊታከም የሚችል ነው።

«ሲነሳ የኋላ እግሩ ይከብደዋል» ያሉት ከጻፉት ሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ነው። ዛሬ ማታ ወንበር ይዘው ይቀመጡና አተኛኘቱን ይዩት። ደጋግሞ ከዞረ በኋላ በጎኑ እንደመውደቅ ብሎ ይተኛል? ጥቂት ቆይቶ ተነስቶ ቦታ ይቀይራል? ሲነሳ በፊት እግሮቹ ራሱን ይጎትትና የኋላውን አስከትሎ ያመጣል? አንድ መገጣጠሚያ ላይ ደጋግሞ ይልሳል? እነዚህ የመገጣጠሚያ ብግነት ምልክቶች ናቸው። ውሻ ስላመመው አይጮህም፤ ብዙ ሰው «ቢያመው ያለቅስ ነበር» የሚለው ስህተት ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ውሻ ቦታ ይቀያይራል፣ ያለከልካል፣ ሰው አጠገብ ይለጠፋል። ቀን የሚተኛው ፀሐይ ወጥታ ሲሚንቶው ሲሞቅ ነው። በክረምት ሌሊት ያው ሲሚንቶ ይበርዳል፣ ይረጥባል፤ መገጣጠሚያው ይገተራል፤ ሲንቀሳቀስ ትንሽ ስለሚቀለው ሲዞር ያድራል። መንጎራደዱ ከክረምቱ ጋር መግባቱም ከዚህ ጋር ይሄዳል።

የኋላ እግሩን ጥፍሮችም ይመልከቱ። መሬት የሚነካው ጫፋቸው ሳይሆን ላይኛው ገጽታቸው ከተፋቀ፣ እግሩን እየጎተተ ነው ማለት ነው፤ ያ ከመገጣጠሚያ ይልቅ ወደ ጀርባ አጥንትና ነርቭ ይወስደናል። ጀርመን ሸፐርድ ደግሞ የኋላ እግርን ቀስ በቀስ ሽባ የሚያደርግ፣ ሕመም የሌለው የኅብለ ሰረሰር በሽታ የሚያጠቃው ዝርያ ነው። ሁለቱ ሕክምናቸው ስለማይገናኝ ሐኪሙ እንዲለያቸው ይጠይቁ።

የነጎድጓዱ ፍርሃትም ከዚሁ የተለየ ላይሆን ይችላል። ቡችላ ሳለ የማይፈራው ድምፅ በስተርጅና ማስፈራት ሲጀምር፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም አብሮ እንደሚገኝ በውሻ ጠባይ ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች አስተውለዋል። ሲደነግጥ ሰውነቱ ይኮማተራል፣ መኮማተሩ ያመዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ድምፁን ራሱን ይፈራዋል። ስለ ማባበሉ የሚነግሩዎት ሰዎች ተሳስተዋል። ፍርሃት በማባበል አይጠናከርም። አጠገብዎ መሆን ካረጋጋው አጠገብዎ ይሁን። የሚያጠናክረው መቆጣትና መምታት ነው።

ዓይኑ ላይ ያዩት ደመና ምናልባት የሚያስፈራዎትን ያህል አይደለም። ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በኋላ የውሻ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ሰማያዊ ግራጫ መልክ ይይዛል፤ ይህ አያሳውርም፣ ሕክምናም አይፈልግም። የሚያሳውረው የሞራ ግርዶሽ ነጭ ሆኖ ብርሃን ይጋርዳል፤ ቶሎ ከመጣም የስኳር በሽታን ያስጠረጥራል። ቤት ውስጥ ለመገመት ትንሽ ጥጥ ጠቅልለው ከፊቱ ይጣሉለት። ጥጥ ድምፅ ስለሌለው የሚከተለው በዓይኑ ብቻ ነው። በብርሃን ተከትሎት በድንግዝግዝ ካጣው፣ ማታ ለመጨነቁ አንድ ምክንያት አገኙ፤ በረንዳ ላይ ደብዘዝ ያለ መብራት ማሳደር ብዙ ይረዳዋል። ጆሮውንም ከጀርባው ሆነው፣ ሳያይዎት ስሙን በመጥራት ይሞክሩት። የማይሰማ ውሻ የራሱን ጩኸት ስለማይሰማ ረዘም አድርጎና ከፍ አድርጎ ይጮሃል። ተኝቶ ሳለ ከነኩትም ደንግጦ ሊነክስ ይችላል፤ ልጆች መሬቱን በእግራቸው መታ ሳያደርጉ እንዳይቀርቡት ይንገሯቸው።

ዘበኛዎ ስለ ሟርቱ የሚሉትን እንተወው፣ እሳቸውን ግን ለሌላ ነገር እፈልጋቸዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ውሻውን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። መንጎራደዱ በስንት ሰዓት ይጀምራል? የሚጮኸው ጅብ ወይም የሰፈር ውሻ ሲጮህ ነው ወይስ ፍጹም ጸጥ ባለበት? የት ሄዶ ይቆማል? ለሁለት ሌሊት አይተው ይንገሩዎት፤ ከተቻለም በስልክ ይቅረጹት። ክሊኒክ ውስጥ ውሻ በድንጋጤ ሌላ ፍጥረት ስለሚሆን፣ አንድ ደቂቃ የሌሊት ቪዲዮ ከረጅም ገለጻ የበለጠ ያሳየናል።

የመቆሚያው ቦታ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። አንጎሉ ያረጀ ውሻ የሚያውቀው ግቢ ውስጥ ይጠፋበታል። ጥግ ገብቶ ግድግዳውን እያየ ይቆማል፤ በሩ ጋ ሄዶ በሚከፈተው በኩል ሳይሆን በማጠፊያው በኩል ቆሞ ይጠብቃል። የቤት ሰው እንደ እንግዳ ያያል፣ ቀንና ሌሊቱ ይገለበጥበታል፣ ተቆጣጥሮት የኖረውን ሽንት ያመልጠዋል። በሰው ከምናውቀው የመርሳት በሽታ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በአንጎል ውስጥ የሚከማቸው ፕሮቲንም ተመሳሳይ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የወጣ አንድ ጥናት ከ11 እስከ 12 ዓመት ካሉ ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ካሉት 68 በመቶው ቢያንስ አንድ ምልክት እንዳላቸው አግኝቷል። ስለዚህ ቦቢም ይህ ሊኖርበት ይችላል። ነገር ግን በአንድ የደም ምርመራ የሚረጋገጥ በሽታ አይደለም፤ የሚደረስበት ሌላው ሁሉ ሲወገድ ነው። እርስዎ የጻፉት ውስጥ እስካሁን ከእንቅልፉ መገልበጥ በቀር ለይቶ የሚያመለክት ነገር አላየሁም፤ እግርዎ ሥር የሚሆን ውሻ እርስዎን የሚያውቅ ውሻ ነው።

የውስጥ አካላቱን በተመለከተ ሐኪም ጋ ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር መለካት ይችላሉ። አንደኛው ውሃ ነው። ባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ ሞልተው ከዚያ ብቻ እየቀዱለት በ24 ሰዓት ምን ያህል እንደጠጣ ይመዝግቡ፤ በርሜሉን ይክደኑ፣ ክረምት ስለሆነ ኩሬም እንዳያገኝ ይጠንቀቁ። ለ30 ኪሎ ውሻ እስከ 1.8 ሊትር ድረስ ጤናማ ነው፤ ከ3 ሊትር ካለፈ ኩላሊት፣ ስኳር ወይም የሆርሞን ችግር መፈለግ አለበት። ብዙ የሚጠጣ ውሻ ሌሊት ለሽንት ይነሳል፣ ባለቤቱም «እንቅልፍ አጣ» ይላል። ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ድብን ብሎ ሲተኛ ደረቱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ይቁጠሩ። በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሆነ ልብ ወይም ሳምባ ይታይ፤ ማለክለኩም ከዚያ ሊሆን ይችላል። ያልተኮላሸ ሽማግሌ ወንድ ደግሞ ፕሮስቴቱ ማበጡ የተለመደ ነው፤ ሲጸዳዳ ካማጠ ወይም ከብልቱ ደም ጠብ ካለ ይናገሩ።

የአፉ ሽታ ለብዙ ሰው «የውሻ አፍ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን ይዩ። ቡናማ ድንጋይ የያዘ ጥርስ፣ የቀላ ድድ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ ያ ሌሊት ሙሉ የሚጠዘጥዝ ሕመም ነው። ማጽዳትና መንቀል ሙሉ ማደንዘዣ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የደም ምርመራው መቅደም አለበት፣ ማደንዘዣ የመከታተል አቅም ያለው ክሊኒክም መመረጥ አለበት። ሳያደንዝዙ ድንጋዩን በብረት የመፋቅ ሥራ ጥርሱን ያሳምረዋል እንጂ ከድድ በታች ያለውን አይነካም።

ምግቡን አልነገሩኝም፤ ከገበታ የሚተርፍ ይመስለኛል። የወጥ ችግሩ በርበሬው ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፤ መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ጉዳት የሚያስከትለው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ሲሆን፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መውሰድም ደም ማነስ ያመጣል። የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ነው የሚጀምረው። አሁን ፍልሰታ ስለሆነ ሌላም ነገር አለ፦ ቤቱ ሲጾም ውሻውም ሳይጠየቅ ይጾማል። ለሁለት ሳምንት እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሽማግሌ ውሻ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ለታመመው መገጣጠሚያ የሚደግፈው ያጣል። ሐኪሙ ኩላሊቱ ተጎድቷል ብሎ ካልከለከለ በስተቀር «ሽማግሌ ነው፣ ሥጋ ይቀንስ» የሚባለውም ስህተት ነው። ያለ ሽንኩርትና ጨው የተቀቀለ ሥጋ ከሩዝ ወይም ከእንጀራ ጋር፣ አልፎ አልፎም እንቁላል ይበቃዋል። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳምባና ጉበት ጥሬውን አይስጡት። በውስጡ ያለው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፣ የትሉ እንቁላልም ወደ ሰው ተላልፎ ጉበትና ሳምባ ላይ እጢ ያበቅላል። በደንብ ይቀቀል፤ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒትም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይሰጠው። የዶሮና የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ከነጭራሹ ይቅር።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም የሚቀጥሉት ሳምንታት ቀላል አይሆኑም። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ጅራፉ ከዚያም በፊት ይጮሃል። ከዚያ የዕንቁጣጣሽና የመስቀል ርችት አለ። ለውሻ ጭንቀት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን ውጤቱ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ዛሬ ቢጀመር ለቡሄ አይደርስም፣ ለመስቀል ሊደርስ ይችላል። ለአንድ ምሽት የሚሆኑት ጋባፔንቲን ወይም ትራዞዶን ናቸው። ጋባፔንቲን ለነርቭ ሕመምም ስለሚረዳ ለቦቢ ዓይነቱ ቢታሰብ አይከፋም፤ ኩላሊቱ ከደከመ ግን መጠኑ መቀነስ አለበት። የሰው ሽሮፑ ዛይሊቶል የሚባል ለውሻ መርዝ የሆነ ማጣፈጫ ሊኖረው ስለሚችል ካፕሱሉን እንጂ ሽሮፑን አይቀበሉ። ለአንጎል ማርጀት የሚታዘዘው ሴሌጂሊን ነው፤ ከፍሉኦክሰቲንም፣ ትራማዶል ከሚባለው የሕመም ማስታገሻም ጋር ፈጽሞ አይሰጥም። አንዱን አቁሞ ወደ ሌላው ለመሸጋገርም ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። አሴፕሮማዚን የሚባለውን «ማረጋጊያ» ለርችት ቢያቀርቡልዎት አይቀበሉ፤ ሰውነቱን ያደነዝዘዋል እንጂ ፍርሃቱን አያነሳም፣ ሲሰማና ሲፈራ መንቀሳቀስ ብቻ ያቅተዋል።

ለመገጣጠሚያው ሜሎክሲካም ወይም ካርፕሮፌን በሐኪም ትእዛዝ፣ በክብደቱ ልክ፣ ከምግብ ጋር ይሰጣል። ሁልጊዜ እንደልብ ስለማይገኙ ብዙ ሰው ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በሚመጣ ዘመድ ያስመጣል። ይህ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ከደምና ከሽንት ምርመራ በፊት አይጀመር። የሚታኘክ ሆኖ የሥጋ ጣዕም ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ውሻው በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ካገኘው ብልቃጡን ሙሉ ይበላዋል። ግሉኮሳሚን በውድ የሚሸጠውን ያህል ማስረጃ የለውም። ገንዘቡ ካለ የዓሣ ዘይት ይሻላል።

መድኃኒት ሳይጠብቁ ከዛሬ ማታ የሚጀመር ብዙ ነገር አለ። የሚተኛበት ከሲሚንቶ ይነሳ፦ የእንጨት ርብራብ፣ በላዩ በደረቅ ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ፣ ዝናብና ነፋስ የማያገኘው ጥግ። ጭዱ ሲረጥብ ይቀየር። በረንዳው ሴራሚክ ከሆነ የሚመላለስበት ላይ ጆንያ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ውሻ አንዴ ከተንሸራተተ በኋላ መራመድ ራሱን መፍራት ይጀምራል። ቀን በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ከሆነ ይህን ይተዉ። ጠዋትና አመሻሽ ላይ በዝግታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያራምዱት፤ ቀን ሙሉ የተኛ ውሻ ማታ አይተኛም። እራቱን በተወሰነ ሰዓት ይስጡት፣ ከመኝታ በፊት ሽንት ያሸኑት። ከተቻለ ቢያንስ እነዚህን ሳምንታት ኮሪደር ወይም ሰርቪስ ቤት ውስጥ ያሳድሩት። ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም የሚለው ልማድ በብዙ ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም የጎረቤትን እንቅልፍ በአንድ ሌሊት ሊመልስ የሚችለው ይህ ነው፤ ጥበቃውን በተመለከተ ደግሞ ቦቢ ጡረታ ወጥቷል ብለው ይያዙት።

ቡችላው ይቅር። ለሽማግሌ ውሻ ቡችላ ጓደኛ አይሆነውም፤ ጆሮውን ይነክሰዋል፣ የሚያመው ጀርባ ላይ ይዘልበታል፣ ምግቡን ይሻማዋል። ሌላ ውሻ የሚያስፈልገው ለግቢው ከሆነ የቦቢ ሕመም ከተስተካከለ በኋላ፣ መሸሸጊያው ለብቻው ተከልሎ ይታሰብበት።

በመርፌ ማሳረፉን በተመለከተ፣ ምርመራ ሳይደረግለት አሁን ቢያመጡት እኔ አልሠራውም። የሚበላ፣ የሚራመድ፣ የሚያውቅዎት ውሻ ነው፤ የሕመሙ ምክንያት ደግሞ ገና አልተፈለገም። ተራው የሚመጣበት ጊዜ ግን ሊኖር ይችላል፤ ያኔ በስሜት እንዳይወስኑ ከአሁኑ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉ፦ የበላበት፣ ራሱ የተነሳበት፣ ጭራውን የቆላበት ቀን ጥሩ ቀን ነው። ታክሞም ክፉ ቀኖቹ ከጥሩዎቹ ከበዙ፣ ያለ ሰው እርዳታ መነሳት ካቃተውና በራሱ ሽንት ላይ የሚያድር ከሆነ፣ ያን ጊዜ ማሳረፉ ተገቢ ነው። በትክክል ሲሠራ አስቀድሞ በማስተኛ መርፌ ይተኛል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማውም። መኪና ላይ ጭኖ ራቅ ያለ ሰፈር መጣል ግን አማራጭ ተደርጎ እንኳ አይነሳ፤ የማያይና የማይሰማ ውሻ ረሃብ፣ ጅብና መኪና ይጠብቁታል።

ስለዚህ የማዝዘው ይህን ነው። በዚህ ሳምንት ውስጥ ሙሉ ምርመራ ያድርግ፦ የደም ቆጠራ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ ስኳር፣ ሽንት፣ የመገጣጠሚያና የነርቭ ፍተሻ፣ አፉና ጆሮው። አካባቢዎ ያለው ክሊኒክ ይህን ካልቻለ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ውጤቱ ከፈቀደ ለመገጣጠሚያው የሚሆነውን መድኃኒት ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ይሞከር፤ ለርችቱ ምሽቶች የሚሰጠው አብሮ ይታዘዝ፣ ከበዓሉም ቀደም ብሎ በአንድ ተራ ቀን ተሰጥቶ ምን እንደሚያደርገው ይታይ። ሕመሙ ታክሞ ሌሊቱ ካልተስተካከለ ያኔ ስለ አንጎሉ መድኃኒት እንነጋገራለን፣ ከዚያ በፊት አይደለም።

ሲሄዱ የሌሊቱን ቪዲዮ፣ የሰጡትን መድኃኒት ማሸጊያ፣ የውሃና የትንፋሽ መዝገቡን፣ በዚያው ጠዋት በንጹሕ ብልቃጥ የተቀበሉትን ሽንት ይያዙ። እስከዚያው ሆዱ ተነፍቶ ሊያስታውክ እየታገለ ምንም ካልወጣው (ደረተ ጥልቅ ውሾች ላይ የሚደርስ የጨጓራ መጠምዘዝ ሲሆን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል)፣ ሽንት ከተከለከለ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ከተንፈራገጠ ቀጠሮውን አይጠብቁ። ድንገት አንገቱ ወደ ጎን ተጣሞ፣ ዓይኑ እየተወዛወዘ ቢወድቅ ግን «አበቃለት» ብለው ተስፋ አይቁረጡ። በሽማግሌ ውሾች ላይ የሚታይ የሚዛን ሥርዓት መታወክ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይሻላቸዋል። ያኔም ቢሆን በዕለቱ ሐኪም ይየው።